ባዘቶ የመሰለ ውሻ፦ ኮቶን ደ ቱሌያርን ወሎ ላይ ለመግዛትና ለመያዝ

ደሴ ፒያሳ ላይ ይዤው ስወርድ ሰው የሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው፦ «በግ ነው ውሻ?» እና «ስንት ገዛኸው?»። የመጀመሪያው ያስቀኛል። ይህን ያስጻፈኝ ሁለተኛው ነው። ጠያቂው ብዙ ጊዜ ስልኩ ላይ የአንድ ሻጭ ቁጥር ይዟል፤ ቀብድ ሊልክ ትንሽ ነው የቀረው። እኔም አንዴ ልኬ ነበር። የሆነውን ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

ቅደም ተከተሉን ጠብቃችሁ ሂዱ። ገንዘብ የሚወጣው አራተኛው ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ከኪሳችሁ አምስት ሳንቲም አይውጣ።

1. የምትገዙትን እወቁ

ኮቶን በፈረንሳይኛ ጥጥ ነው። ቱሌያር በደቡብ ምዕራብ ማዳጋስካር ያለች የወደብ ከተማ ናት፤ ዛሬ ቶሊያራ ትባላለች። ስሙ «የቱሌያር ጥጥ» ማለት ነው እንግዲህ። ጥጥ ሲፈተል እያየ ያደገ ሰው ፀጉሩን አንዴ ሲነካው ነገሩ ይገባዋል፦ ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ ለእንዝርት የተዘጋጀ ባዘቶ ነው። እንደ ሐር አይንሸራተት፣ እንደ በግ ፀጉር አይከረክር። አክስቴ መጀመሪያ የነካችው ቀን «ይሄማ ይፈተላል!» አለች፤ የውሻው ስም በዚያው ባዘቶ ሆኖ ቀረ።

ከማልቲዝ፣ ከቢሾን ፍሪዜ፣ ከሃቫኒዝና ከቦሎኝዝ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው። ቅድመ አያቶቹ በመርከብ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች የተሻገሩ ነጫጭ ትንንሽ ውሾች ናቸው። መርከብ ሰጥሞ ዋኝተው ወጡ የሚለው ተረት ነው፤ ደስ ይላል፣ ማስረጃ ግን የለውም። ማዳጋስካር ላይ «መሪና» የተባለው የደሴቲቱ ሕዝብ መኳንንት ያቀማጥሉት እንደነበር ይተረካል። ደሴቲቱ እስከ 1960 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ስለነበረች ወደ አውሮፓ የሄደውም በፈረንሳዮች እጅ ነው። ዓለም አቀፉ የውሻ ዝርያዎች ፌዴሬሽን በ1970 እ.ኤ.አ. መዘገበው፤ ማዳጋስካር በ1974 በፖስታ ቴምብር ላይ አወጣችው፤ የአሜሪካው ኬኔል ክለብ ደግሞ እስከ 2014 ድረስ ሙሉ እውቅና አልሰጠውም። ይህን የምነግራችሁ ለወግ አይደለም። በዓለም ላይ ዘግይቶ የታወቀና ቁጥሩ ያነሰ ውሻ «አዲስ አበባ ላይ ስድስት ቡችላ አለኝ፣ ነገ እልክልሃለሁ» ሲባል ጆሯችሁ ቆም እንዲል ነው።

ወንዱ ከ4 እስከ 6 ኪሎ፣ ሴቷ ከ3.5 እስከ 5 ኪሎ ትመዝናለች። ቁመቱ ትከሻው ላይ ሲለካ ከ30 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። በደህና ከተያዘ 15 ዓመት ይኖራል፣ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ዛሬ አንደኛ ክፍል ለገባች ልጃችሁ ብትገዙት ዩኒቨርሲቲ ጨርሳም ይጠብቃችኋል ማለት ነው።

ለጥበቃ ከሆነ ተዉት። ከጦሳ ተራራ በኩል ጅብ ሲጮህ የእኔው አልጋ ሥር ነው የሚገባው። ሥራው ሰው ማጫወት ነው፤ በሁለት የኋላ እግሩ ቆሞ እየተራመደ እንግዳ ይቀበላል። ይህን ማንም አላስተማረውም፣ የዘሩ ጠባይ ነው። ለአጥር የሚሆን ውሻ የፈለገ ሰው የአገራችንን ውሻ ይያዝ፤ ከሱ የሚሻል የለም።

2. ቤት የሚውለውን ሰው ቁጠሩ፤ ጎረቤትንም

ኮቶን ብቻውን መዋል አይችልም። ለዘመናት የተመረጠው ሰው እግር ሥር እንዲተኛ ስለሆነ ባዶ ቤት ያስጨንቀዋል፦ ያላዝናል፣ በር ይቧጭራል፣ መዳፉን እየላሰ ያቆስላል። ጠዋት 2 ሰዓት ወጥታችሁ ማታ 12 ሰዓት የምትገቡ ከሆነና ቤት የሚውል ሰው ከሌለ ይህን ውሻ አትግዙ። እኛ ቤት እናቴ ስለምትውል ነው የተቻለው።

ሰው እያለም ቢሆን ብቻውን መሆንን ማስለመድ ያስፈልጋል። በሩን ዘግታችሁ ለአንድ ደቂቃ ውጡ፣ ዝም ሲል ተመለሱ። ነገ አምስት ደቂቃ፣ ከነገ ወዲያ አሥር። ስትወጡም ስትገቡም ሽር ጉድ አታብዙ። እያለቃቀሰ ከገባችሁለት ማልቀስን ነው የምታስተምሩት።

ሁለተኛው ቆጠራ ጎረቤት ነው። ወሎ ላይ ግቢ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ በር ይወጣል፣ ይገባል። ከእኛ ጋር አጥር የሚጋሩ ሀጂ አሉ። የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን ከነካ ሳይታጠቡ አይሰግዱበትም፤ ዕቃ ከላሰ ደግሞ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ይታጠባል። ውሻው ከመምጣቱ በፊት ሄጄ ቡና ላይ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «አብሽር ልጄ፣ ከመስገጃዬ ብቻ ይራቅ» አሉኝ። ሁለት ነገር ተስማማን፦ ለውዱእ በሚወጡበት ሰዓት ባዘቶ በገመድ ይያዛል፣ የውሃ ጀሪካኖቹ ወዳሉበት ጥግ ደግሞ ጨርሶ አይደርስም። ይኸው እስከ ዛሬ ቅሬታ የለም። ሳልነግራቸው አምጥቼው ቢሆን ኖሮ ያው ውሻ የጠብ ምክንያት ይሆን ነበር። ተከራዮች ደግሞ አከራያችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ውሻው ከገባ በኋላ የሚመጣ «አውጡልኝ» ለሰውም ለውሻም ከባድ ነው።

3. መልኩን ለዩ

ገበያችን ላይ «ፈረንጅ ውሻ» የሚለው ስም ነጭና ጨብራራ የሆነውን ሁሉ ይሸፍናል። የፑድል ፀጉር የተጠቀለለ ነው። ማልቲዝ ከኮቶን ያንሳል፣ ፀጉሩም ሐር ይመስላል፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ቢሾን ፍሪዜ ጥቅልል ፀጉር አለው፣ ከሥሩም ለስላሳ ሁለተኛ ፀጉር ያበቅላል። የኮቶን ፀጉር ግን ቀጥ ያለ ወይም ጥቂት የሚወዛወዝ ሆኖ ሲነካ ደረቅ ጥጥ ነው።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የኮቶን ቡችላ ሲወለድ ጆሮውና ጀርባው ላይ ቡናማ፣ ሎሚማ ወይም ግራጫ ጣል ጣል ሊኖረው ይችላል፤ ሲያድግ አብዛኛው ይነጣል፣ ጆሮ ላይ ትንሽ ይቀራል። ስለዚህ «እንከን የሌለው ነጭ ነው» የሚለው የሻጭ ወሬ ለዘሩ ማስረጃ አይሆንም። እውነቱን ለመናገር የሁለት ወር ቡችላን ዓይቶ ዝርያውን በእርግጠኝነት መናገር ለሐኪምም ይከብዳል። ለዚህ ነው ቀጣዩ ነጥብ ከሁሉም የሚበልጠው።

4. «እናቱን አሳየኝ» በሉ

የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። ባዘቶ ከመምጣቱ በፊት፣ ከዓመታት በፊት፣ ፎቶ ዓይቼ አዲስ አበባ ላለ አንድ ሻጭ ግማሹን ዋጋ ላክሁ። ቡችላውን በካርቶን አሽጎ በሚኒባስ ሰደደልኝ። ደሴ መናኸሪያ ስቀበለው ካርቶኑ ከሥር ረጥቧል፣ ቡችላው ይንቀጠቀጣል። «ሁለት ወሩ ነው» ተብዬ ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ዓየና «የኋላ የወተት ጥርሶቹ እኮ ገና አልወጡም፤ ይሄ ወር ከሳምንት ቢሆነው ነው» አለኝ። በአራተኛው ቀን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ጀመረው፤ ሽታውን አንዴ ያሸተተ አይረሳውም። ፓርቮ የሚባለው ቡችላ የሚገድል የቫይረስ በሽታ ነበር። በሰባተኛው ቀን ሞተ። ሻጩ ስልኩን አላነሳም። ፎቶው ላይ የነበረው ቡችላና እኔ የተቀበልኩት አንድ እንዳልሆኑም ቆይቶ ነው የገባኝ፤ የጆሮው ምልክት በሌላ ጎን ነበር።

አሁን ማንም ሲጠይቀኝ የምለው አንድ ነው፦ ቡችላውን ሳይሆን እናቱን ጠይቁ። ራሳችሁ ሂዱ ወይም የምታምኑትን ሰው ላኩ። እሱም ካልሆነ በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ እናቲቱ ቡችሎቹን ስታጠባ አሳዩኝ በሉ። ቀድሞ የተቀረጸ ቪዲዮ አይቆጠርም። «እናቱ ሌላ ቦታ ናት»፣ «ባለቤቷ ውጭ አገር ሄዷል»፣ «ዛሬ ካልከፈልክ ሌላ ሰው ይወስደዋል» የሚል መልስ ከመጣ ስልኩን ዝጉት።

እናቲቱን ስታዩ ሁኔታዋን ተመልከቱ። ሰው ስታይ ትሸሻለች ወይስ ትቀርባለች? ያለችበት ንጹሕ ነው? የጎድን አጥንቷ ተቆጥሮ የሚያልቅ ከሆነ በወለደች ቁጥር ገንዘብ እየታለበባት ነው ማለት ነው፤ ቡችላዋን መግዛት ያንን ሰው መደጎም ነው።

ቀጥሎ ዕድሜ። ከ8 ሳምንት በታች ያለ ቡችላ ከእናቱ አይለይም፤ ፈረንሳይ ውስጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲቆይ የመንከስን ልክ ይማራል።

ቀጥሎ ወረቀት። የክትባት ካርዱ ላይ ከብልቃጡ የተነሣው ተለጣፊ፣ ቀንና የሐኪም ማኅተም ይኑር። በእጅ የተጻፈ «ተከትቧል» ዋጋ የለውም። ከውጭ የመጣ ከሆነ ከቆዳው ሥር 15 አሃዝ ቁጥር የያዘ ትንሽ የመለያ ቺፕ ይኖረዋል፤ በማንበቢያ መሣሪያ ታይቶ ቁጥሩ ከዘር ወረቀቱ ጋር አንድ መሆን አለበት። የባዘቶ ቁጥር በ250 ይጀምራል፣ የፈረንሳይ መለያ ነው። እዚያ አገር «ዝርያ» ተብሎ መሸጥ የሚችለው ሎፍ በሚባለው የዘር መዝገብ የተመዘገበ ውሻ ብቻ ነው፤ ያልተመዘገበውን «የሚመስል» ነው የሚሉት። ቃሉ ለእኛም ገበያ ይበጃል።

ስለ ወላጆቹ ጤና ጠይቁ። ይህ ዝርያ የጉልበት ሎሚው ከቦታው የመንሸራተት ችግር፣ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግርና በዘር የሚተላለፍ የዓይን ብሌን ጀርባ በሽታ ይታይበታል። ቡችሎች ገና ሲወለዱ ሚዛን አሳጥቶ እንዳይቆሙ የሚያደርግ የነርቭ በሽታም አለ። የዓይኑና የነርቩ በዘረ መል ምርመራ ይታወቃሉ፤ ጉልበቱን ሐኪም በእጁ ይመረምረዋል። ሻጩ ጥያቄው ካልገባው አርቢ አይደለም፣ ነጋዴ ነው። ደህና አርቢ ደግሞ መልሶ እናንተን ይጠይቃችኋል፦ ቤት ማን ይውላል? ከዚህ በፊት ውሻ ነበራችሁ? ባትችሉ ለኔ ትመልሱታላችሁ? አትቀየሙት።

ይህ ሁሉ ከተሟላ ቀብድ ስጡ፣ ቀሪውን ውሻውን ስትረከቡ። ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት።

ሌላም መንገድ አለ፤ ቡችላ ብቻ አትፈልጉ። ባዘቶ በሦስት ዓመቱ ነው ከፈረንሳይዋ ሊዮን ከአጎቴ ልጅ ጋር የመጣው፤ እሷ ሥራዋ ተቀይሮ ቤት መዋል ስላልቻለች። ሽንቱን ሜዳ መሽናት የለመደ፣ ክትባቱን የጨረሰ ጎልማሳ ውሻ ለጀማሪ ከቡችላ ይሻላል። ውጭ ያለ ዘመድ ሊያመጣላችሁ ከሆነ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት የማስገቢያ ሰነዱን ከግብርና ባለሥልጣን፣ የመያዣ ሣጥኑን ልክ ከአየር መንገዱ ይጠይቅ።

5. ወደ ወሎ ማምጣት

በአውሮፕላን ከሆነ ኮምቦልቻ ድረስ፣ ከዚያ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት ነው። በመኪና ከሆነ ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ንጋት ላይ ውጡ፣ ከመነሣቱ በፊት ባሉት ጥቂት ሰዓታት ምግብ አትስጡት፣ ውሃ ግን ይጠጣ። ጣርማበር ላይ ብርድ፣ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ሙቀት ነው። ምሳ ለመብላት ስትወርዱ መስኮት ዘግታችሁ መኪና ውስጥ እንዳትተዉት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል።

6. ክትባት

ቡችላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሆነው የፓርቮና የዲስቴምፐር (ሌላው ገዳይ የውሻ ቫይረስ) ክትባት ይጀምራል፤ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ እየተደገመ 16 ሳምንት እስኪሞላው ይቀጥላል። አንዴ መወጋት አይበቃም፤ ከእናቱ ወተት ያገኘው መከላከያ የመጀመሪያውን ክትባት ሊያከሽፈው ስለሚችል ነው የሚደገመው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ12 ሳምንት፣ ከዚያ በየዓመቱ። ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ስላለ ከዚያ ጠይቃችሁ ጀምሩ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበትና መብራት ሲጠፋ የት እንደሚቀመጥ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ክትባቱ እስኪያልቅ መንገድ ላይ አታስኪዱት። ፓርቮ የገባበት ግቢ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፦ ሲሚንቶውን 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አሥር ደቂቃ አቆይታችሁ እጠቡት፤ አፈሩን ግን ምንም አያጸዳውም። እኔ ዓመት ጠብቄያለሁ።

ውሻ ሰው ከነከሰ፣ የእናንተም ቢሆን፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ባህላዊ መድኃኒት እየሞከሩ ቀን ማሳለፍ ነው ብዙ ሰው የሚያሳጣን።

ወሎ ላይ ክትባት ሌላም ትርጉም አለው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የሚኖረው ኢትዮጵያ ብቻ ነው፣ ቁጥሩ ከ500 አይዘልም፤ ከቀሩት ጥቂቶቹ እዚሁ ናቸው፣ አቡነ ዮሴፍ ተራራና ቦረና ሳይንት። ባሌ ላይ በተደጋጋሚ የጨረሳቸው ከቤት ውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር ነው። ላሊበላን ለማየት ስትሄዱ ውሻችሁን አቡነ ዮሴፍ ይዛችሁ አትውጡ፣ የተከተበም ቢሆን።

7. ፀጉሩ

ሰው የሚገዛው ለዚህ ብሎ ነው፤ የሚማረረውም በዚሁ ነው። ፀጉሩ ብዙ አይረግፍም። የማይረግፈው ግን የትም አይሄድም፣ እዚያው ይቋጠራል። በየቀኑ፣ ቢበዛ በየሁለት ቀኑ ማበጠር ግድ ነው።

ማታ ከራት በኋላ እናበጥረዋለን። እናቴ ጭኗ ላይ ፎጣ ታነጥፋለች፣ እሱ ራሱ ዘሎ ይወጣና በጀርባው ይንጋለላል። መጀመሪያ በመርጫ ጠርሙስ ትንሽ ውሃ እፍ ታደርግበታለች፤ ደረቅ ፀጉር ሲበጠር ይሰበራል። ከዚያ በግራ እጇ ፀጉሩን ወደ ላይ ገልብጣ ትይዝና ከሥር፣ ቆዳው የሚታይበት መስመር ላይ፣ አንድ ጣት የሚያህል ፀጉር ብቻ ወደ ታች ታወርዳለች። እሱን በብሩሽ፣ ቀጥላ በብረት ማበጠሪያ። ማበጠሪያው ሳይያዝ ከቆዳ እስከ ጫፍ ካለፈ ቀጣዩን ታወርዳለች። ከላይ ከላይ የሚያበጥር ሰው ውጩን አሳምሮ ውስጡን ምንጣፍ ያደርገዋል፤ እኔ የመጀመሪያ ወር ያደረግሁት ይህንኑ ነው። በመጨረሻ ብብቱ ሥር እንደ ጡጫ የጠነከረ ቋጠሮ ተገኝቶ በመቀስ ወጣ።

ቋጠሮ የሚወዳቸው ቦታዎች፦ ጆሮ ጀርባ፣ ብብት፣ የኋላ እግር ውስጥ፣ የአንገት ማሰሪያ ሥር። በጣታችሁ ከጫፉ ጀምራችሁ በታትኑት፤ ከሥሩ አትሳቡ። ቡችላ ከሆነ ዓመት ሲሞላው አካባቢ የልጅነት ፀጉሩ በጎልማሳ ሲተካ ለጥቂት ወራት ቋጠሮው እጥፍ ይሆናል፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ያኔ ነው። ካቃታችሁ ወደ ሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር አሳጥሩት። ውሻው አይቀየምም፣ የሚጎዳው ፎቶው ብቻ ነው። ቆዳ ድረስ ግን አትላጩት፤ የደሴ ብርድ በሐምሌ ቀልድ አይደለም።

በየሁለት ወይም ሦስት ሳምንቱ እጠቡት፣ ሁልጊዜ ካበጠራችሁ በኋላ፤ ቋጠሮ ውሃ ሲነካው እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። የውሻ ሻምፑ ይሁን፣ ዱቄት ሳሙና ቆዳውን ያቆስለዋል። በሞቀ ውሃ፣ ፀሐይ ባለበት ሰዓት፣ እስኪደርቅ ድረስ በፎጣ። ክረምት ላይ የመዳፉን ሥር ፀጉር በአጭሩ ቁረጡት፣ የጭቃ ኳስ እንዳይሠራ። በመስከረምና በጥቅምት ደግሞ ጠላቱ ጭጎጎት ነው፤ ከሣር ሜዳ ሲመለስ ሳትቀመጡ ልቀሙለት።

ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ቆላ የምትኖሩ መዥገር ፈልጉ፦ ጆሮ ውስጥ፣ በጣቶቹ መካከል፣ ጅራት ሥር። በወረንጦ ቆዳው ሥር ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፤ ጋዝ መቀባት፣ በክብሪት ማቃጠል አይሠራም። ለከብት የተገዛ የመዥገር መድኃኒት አምስት ኪሎ ውሻ ላይ እንዳትረጩ፤ ሊገድለው ይችላል።

8. ምግብ

ለጎልማሳ በቀን ሁለቴ፣ ለቡችላ ሦስትና አራት ጊዜ። የተዘጋጀ የውሻ ምግብ ካገኛችሁ እሱ ይቀላል። ከሌለ የተቀቀለ ዶሮ ያለ አጥንት፣ እንቁላል፣ ሩዝና ካሮት እንሰጣለን፤ ይህ ብቻውን ግን ካልሲየም ይጎድለዋልና ተጨማሪውን ሐኪም ይዘዝ።

የሀበሻ ቤት አደጋው ወጥ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ፤ ወጥ የነካው እንጀራም ይቆጠራል። ዘቢብ፣ ቸኮሌት፣ ስኳር አልባ ማስቲካ፣ የበሰለ አጥንት ክልክል ናቸው። ወሎ ላይ ደግሞ ቡና ከአቦል እስከ በረካ ስለሆነ አተላው መሬት ላይ አይደፋ፤ ለአንድ ትንሽ ውሻ ብዙ ካፌይን ነው። እንግዶች «ምስኪን፣ ትንሽ ቅመስ» ማለት ይወዳሉ። እናቴ የምትለው «ታሟል፣ ሐኪም ከልክሎታል» ነው። ውሸት ነው፣ ግን ይሠራል።

አረፋና ፋሲካ ሲሆን ተጠንቀቁ። የታረደ በግ ሳንባ ወይም ጉበት ላይ ውሃ የያዘ ቋጠሮ ካያችሁ ለውሻ አይወርወር። ቋጠሮው ውስጥ ያለው ነገር ውሻው አንጀት ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወጥቶ በእጅና በምግብ ወደ ሰው ይገባል፣ ሰው ጉበት ላይም ያንኑ ቋጠሮ ይሠራል። አቃጥሉት ወይም ውሻ ቆፍሮ በማይደርስበት ጥልቀት ቅበሩት። የትል መድኃኒቱም ፕራዚኳንቴል ያለበት ይሁን፤ መጠኑ በክብደት ስለሆነ አስመዝኑት።

9. ጥቂት የጤና ነገር

እየሮጠ ድንገት አንድ የኋላ እግሩን ሰብስቦ በሦስት ዘሎ ከቀጠለ የጉልበት ሎሚው ነው፤ ከሶፋ መዝለልን አስተዉት፣ ሐኪም አሳዩት። ጥርሱን በሳምንት ደጋግማችሁ ቦርሹ፣ በሰው የጥርስ ሳሙና ግን አይደለም፣ ይውጠዋል። ዓይኑ ሥር የሚቀላውን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አጽዱ። ብቻውን ደጅ አይደር፤ ጅብ አለ፣ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለማጥፋት የሚጣል መርዝም አለ።

«አጋባልኝ፣ ቡችላውን እንካፈል» የሚል አይጠፋም። እኔ አስኮላሸሁት፣ ተገላገልኩ። የጤና ምርመራ የሌላቸውን ሁለት ውሾች ማጋባት ከላይ የነገርኳችሁን ሻጭ መሆን ነው።

10. ከአገር ብትወጡስ?

ይህን ከመግዛታችሁ በፊት አስቡት፤ የዲቪ ፎርም የሞላ ሰው በተለይ። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር ለመውሰድ ቺፕ፣ ከዚያ የእብድ ውሻ ክትባት፣ ቢያንስ ከ30 ቀን በኋላ ደም ተወስዶ በታወቀ ላቦራቶሪ ምርመራ፣ የመከላከያው መጠን ቢያንስ 0.5 IU/ml፣ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ደግሞ 3 ወር መጠበቅ ያስፈልጋል። አሜሪካም ኢትዮጵያን የእብድ ውሻ ስጋት ከፍተኛ ከሆነባቸው አገሮች መድባለች፤ ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ6 ወር በታች ያለ ውሻ አይገባም፣ ቺፕም ግዴታ ነው። ግማሽ ዓመት ቀድማችሁ ካልጀመራችሁ ውሻው ይቀራል።

የሚቀር ከሆነ ለማን? ስሙን ዛሬ ጻፉት፣ ሰውየውንም ዛሬ አስለምዱት። የእኛን የጎረቤት ልጅ፣ የሀጂ የልጅ ልጅ ጓደኛ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ማበጠር ታስተምረዋለች። እስካሁን ጅራቱንና የኋላ እግሮቹን ችሏል፤ ብብቱ ጋ ሲደርስ ባዘቶ እጁን በአፉ ይዞ ያቆመዋል፣ አይነክስም፣ ይይዘዋል ብቻ፤ እናቴም «በል ውሃውን ጨምር» ትለዋለች።